ነባር ድራማ በአዲስ ፊልም

ሰው ከሚወደው ታሪክ ጋር ያለው ትስስር በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ማታ ማታ ከምድጃ ዳር ተረት የሚነገረው ሕፃን፣ ተራኪዋ አያቱ ከለመደው መንገድ ወጥታ ጅቡን በቀበሮ ብትተካበት ወይም መጨረሻውን ብትለውጥበት «እንዲህ አይደለም!» ብሎ ይቆጣል። ተረቱን ከአንዴም አሥር ጊዜ ሰምቶታል፤ ነገር ግን የሚፈልገው ያንኑ የሚያውቀውን እንደገና መስማት ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሕፃን በማግሥቱ «አዲስ ተረት ንገሪኝ» እያለ ያችኑ አያቱን ያስቸግራል። የለመዱት እንዳይነካ መፈለግና አዲስ ነገር መናፈቅ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው የሚኖሩ ስሜቶች ናቸው።

እነዚህ ሁለት ስሜቶች በግልጽ ከሚጋጩባቸው ሥፍራዎች አንዱ የፊልም ጥበብ ነው። በአንድ ወቅት በቴሌቪዥን ታይተው ዝና ያተረፉ ተከታታይ ድራማዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ ተዋንያን ተሠርተው በሲኒማ ቤት ይቀርባሉ። በተለይም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የታዩ በርካታ ድራማዎች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በዚህ ዓይነት ተመልሰዋል። የአዲሱ ፊልም ዜና በተሰማ ቁጥር ታዲያ የድሮው ድራማ አድናቂዎች በሁለት ስሜት ይያዛሉ። በአንድ በኩል የወደዱት ታሪክ ከመረሳት በመዳኑ ይደሰታሉ። በሌላ በኩል ደግሞ «ምን አድርገውት ይሆን?» እያሉ ይሠጋሉ። ለመሆኑ ይህ ሥጋት ተገቢ ነውን? ወይስ ያለፈውን ዘመን የሙጥኝ ከማለት የመጣ ግትርነት ነው?

የፊልም ኩባንያዎች ወደ ድሮው ድራማ ፊታቸውን የሚመልሱት በፍቅር ብቻ ተገፋፍተው አይደለም። አንድን ፊልም ለመሥራት እጅግ ብዙ ገንዘብ ይፈሳል፤ ስሙ ያልታወቀ ታሪክ ይዞ ገበያ መውጣትም ለኪሣራ ሊዳርግ ይችላል። በአንፃሩ ሚሊዮኖች ከልጅነታቸው ጀምረው የሚያውቁት አርእስት ገና ማስታወቂያ ሳይነገርለት ራሱን ያስተዋውቃል። ይህን ስሌት ማውገዝ ብቻውን ሚዛናዊ ፍርድ አይሆንም። ምክንያቱም የድሮዎቹም ድራማዎች ቢሆኑ ያለ ገንዘብ አልተሠሩም። እንዲያውም የገንዘብ እጥረት የታሪኩን አካሄድ የወሰነበት ጊዜ ነበር። ለምሳሌ «ስታር ትሬክ» በተባለው የጠፈር ጉዞ ድራማ ውስጥ ተጓዦቹ ከመርከባቸው ተሠውረው በሌላ ዓለም ላይ በቅጽበት ብቅ የሚሉበት ስልት የተፈጠረው፣ ግዙፏን መርከብ በየሳምንቱ ስታርፍ ማሳየት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ነበር። በዚያ ዘመን በችግር የታለፈውን በዛሬው የፊልም ጥበብ አሟልቶ ለማሳየት መመኘት የሚያስነቅፍ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ የተመልካቹንም ስሜት ከሥሩ መረዳት ያስፈልጋል። ሲኒማ ቤት ሰው ከቤቱ ወጥቶ፣ ዋጋ ከፍሎ ለሁለት ሰዓት የሚጎበኘው ሥፍራ ነው። ቴሌቪዥን ግን ከመኖሪያ ቤት ድረስ የሚገባ እንግዳ ነው። በየሳምንቱ በተወሰነ ቀንና ሰዓት ይመጣል፤ ቤተሰብ እራት በልቶ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። ይህ ልማድ ለዓመታት ሲቀጥል በድራማው ውስጥ ያሉት ሰዎች እንደ ጎረቤት ይታወቃሉ። የአነጋገራቸው ለዛ፣ የአረማመዳቸው ሁኔታ፣ ምን ሊያደርጉና ምን ሊያደርጉ እንደማይችሉ ሁሉ በተመልካቹ አእምሮ ይቀረጻል። ስለዚህ አንድ የፊልም አዘጋጅ የዚህን ዓይነቱን ሰው ጠባይ ሲለውጥ፣ ተመልካቹ የሚያውቀው ወዳጁ በሐሰት የተወራበት ያህል ይሰማዋል።

ለዚህ አንዱ ግልጽ ምሳሌ «ሚሽን ኢምፖሲብል» የተሰኘው ድራማ ነው። በብሩስ ጌለር የተፈጠረው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1973 ድረስ በአሜሪካ ቴሌቪዥን 171 ክፍል ሆኖ ታይቷል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የምሥጢራዊው ቡድን መሪ ሆኖ የሚታየው በፒተር ግሬቭስ የተወከለው ጂም ፌልፕስ ነበር። ፌልፕስ ትእዛዙን ከድምፅ መቅጃ ያዳምጣል፤ ቴፑም ወዲያው ጢስ ሆኖ ይጠፋል። ከዚያ ቡድኑ ይሰበሰባል። አንዱ መልኩን እየለዋወጠ ሌላ ሰው መስሎ መታየት ይችልበታል። ሌላው በጉልበቱ የታመነ ነው። በግሬግ ሞሪስ የተወከለው ባርኒ ኮልየር ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ሊቅ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ተዋንያን አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ሚና ይሰጣቸው በነበረበት ዘመን፣ ኮልየር ያለ እርሱ ዕውቀት ሥራው የማይሳካ ምሁር ሆኖ በየሳምንቱ መታየቱ ትልቅ ትርጉም ነበረው።

የዚህ ድራማ ልዩ ባሕርይ አንድም ጀግና ብቻውን የማይጎላበት መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ድርሻውን ይፈጽማል፤ የአንዱ ሥራ ከሌላው ጋር እንደ ሰዓት ጥርስ ይገጣጠማል፤ በመጨረሻም ምስጋና ሳይጠብቁ በጸጥታ ተያይዘው ይሄዳሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአበው ምሳሌ የተነገረው ለዚህ ቡድን ይመስላል። ድራማው ከተቋረጠ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1990 በቴሌቪዥን እንደገና ሲቀርብ ይኸው መንፈስ ተጠብቆ ነበር። መሪው አሁንም ያው ፒተር ግሬቭስ ሲሆን፣ የባርኒ ኮልየርን ልጅ ሆኖ የተጫወተው የግሬግ ሞሪስ እውነተኛ ልጅ ፊል ሞሪስ ነበር። ተመልካቹም የወንድና የሴት ልጆቹን ዕድገት እንደሚያይ ወላጅ ተደስቶ ተቀበለው።

እ.ኤ.አ. በ1996 በብራያን ዲ ፓልማ አዘጋጅነት ለሲኒማ የቀረበው ፊልም ግን ሌላ መንገድ ተከተለ። ታሪኩ ገና ሲጀመር የቡድኑ አባላት አብዛኞቹ በፕራግ ከተማ ይገደላሉ፤ ቶም ክሩዝ የሚጫወተው ኢታን ሀንት ለብቻው ይቀራል። ከዚያም ብሶ፣ የጓደኞቹን ደም ያፈሰሰው ከሐዲ ማን እንደሆነ ሲገለጥ ጂም ፌልፕስ ሆኖ ይገኛል። ይህን ሚና የተጫወተው ጆን ቮይት እንጂ ፒተር ግሬቭስ አልነበረም። ግሬቭስ ቀድሞ ተጠይቆ፣ ፌልፕስ ከሐዲ መደረጉን ሲያውቅ እንዳልተቀበለ ይነገራል። ግሬግ ሞሪስም ፊልሙን ለማየት ገብቶ ሳያልቅ አቋርጦ መውጣቱ በጊዜው በጋዜጦች ተዘግቧል። ሞሪስ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

ስለዚህ ፊልም የሚሰጠው ፍርድ ሁለት ገጽ አለው። ፊልሙ በሙያ ረገድ ደካማ አልነበረም። በመላው ዓለም ከ450 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ እስከ 2025 ድረስም እርሱን ተከትለው ሰባት ሌሎች ፊልሞች ተሠርተዋል። የድሮውን ድራማ ጨርሶ የማያውቁ ወጣቶችም በሙዚቃውና በታሪኩ ተማርከዋል። የላሎ ሺፍሪን ዝነኛ ዜማ ለአዲስ ትውልድ የደረሰው በዚሁ ፊልም አማካይነት ነው። ታዲያ ቅሬታው ከምን መጣ? ቅሬታው የመጣው ከተዋንያን መለወጥ ወይም ከአዲሱ የፊልም ስልት አይደለም። የመጣው ለዓመታት የታማኝነት ምሳሌ ሆኖ የኖረ ሰው በአንድ ምሽት ከሐዲ ከመደረጉ ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። በልቦለድ የተፈጠረ ሰውም ቢሆን ስም አለው፤ ያንን ስም የገነቡት ደራሲዎቹና ተዋናዩ ብቻ ሳይሆኑ በእርሱ የታመኑት ተመልካቾችም ናቸው። አዘጋጆቹ አዲስ ከሐዲ መፍጠር ይችሉ ነበር። የፌልፕስን ስም የመረጡት ተመልካቹ አስቀድሞ ይወደው ስለነበር ነው፤ ድንጋጤውም የተገዛው በሌሎች ላብ በተጠራቀመ ፍቅር ነው። የቅሬታው ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ከዚህ በተለየ ሁኔታ የሚታየው የ«ስታር ትሬክ» ታሪክ ነው። በጂን ሮደንቤሪ የተፈጠረው ይህ ድራማ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1966 ተጀምሮ ሦስት ዓመት ብቻ ከታየ በኋላ በ1969 ተቋረጠ። ጠቅላላው 79 ክፍል ነው። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ሊቋረጥ መሆኑ ሲሰማ አድናቂዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች እየጻፉ ጣቢያውን አጥለቀለቁት። በዚህም የተነሣ ለአንድ ተጨማሪ ዓመት እንዲታይ ተፈቀደ። ድራማው ከቆመ በኋላም በየከተማው ጣቢያ ተደጋግሞ እየታየ ከመጀመሪያው የበለጠ ወዳጅ አፈራ። እ.ኤ.አ. በ1976 የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት የመጀመሪያዋን የሙከራ የጠፈር መንኮራኩር «ኢንተርፕራይዝ» ብሎ በድራማው መርከብ ስም የሰየማት በአድናቂዎች የደብዳቤ ዘመቻ ምክንያት ነበር። እንግዲህ ይህን ድራማ በሕይወት ያቆየው ከኩባንያው ይልቅ ተመልካቹ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ተመልካቾቹ እንዲህ የተሟገቱለትም ያለ ምክንያት አልነበረም። በመርከቧ ውስጥ ጥቁሩ፣ ነጩና እስያዊው እኩል ሆነው ይሠሩ ነበር። የመገናኛ ክፍል ኃላፊዋ ኡሁራ ትባላለች፤ ስሙም በምሥራቅ አፍሪካ በሰፊው ከሚነገረው ከስዋሂሊ ቋንቋ፣ «ኡሁሩ» ማለትም «ነፃነት» ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው። ኡሁራን ሆና የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሥራውን ልትተው አስባ ነበር። ራሷ በኋላ እንደተናገረችው፣ ከውሳኔዋ የመለሷት ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበሩ። ጥቁር ሴት በእኩልነትና በክብር ስትሠራ መታየቷ ለሕዝባቸው ምን ያህል እንደሚጠቅም ገልጸው እንድትቀጥል መክረዋታል። እንግዲህ ይህን የመሰለ ታሪክ ያለውን ገጸ ባሕርይ በአዲስ ፊልም ማቅረብ ኃላፊነት የሌለበት ሥራ ሊሆን አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2009 ጄ. ጄ. ኤብራምስ ያዘጋጀው «ስታር ትሬክ» ሁሉንም ዋና ሰዎች በወጣት ተዋንያን ተካ። ሥጋቱ ብዙ ነበር። ነገር ግን አዘጋጆቹ አንድ ብልሃት ፈጠሩ። ከወደፊቱ ዘመን የመጣ ጠላት የታሪክን ሂደት ስለለወጠ አዲሶቹ ጀብዱዎች በሌላ የጊዜ ጎዳና ላይ ይካሄዳሉ፤ የድሮዎቹ ግን እንደነበሩ ሳይነኩ ይቆያሉ። ከዚህም ሌላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ስፖክን ሆኖ የተጫወተው ሌናርድ ኒሞይ በሽምግልናው ዘመን በዚሁ ፊልም ውስጥ ቀርቦ ከወጣቱ ስፖክ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ይህ ትዕይንት አረጋዊ አባት ለልጁ ርስት ሲያወርስ ይመስል ነበር። በእርግጥ ፊልሙ ከማሰብ ይልቅ መሮጥና መታኮስ አብዝቷል ብለው የነቀፉ አድናቂዎች አሉ፤ ነቀፋቸውም መሠረት የሌለው አይደለም። ቢሆንም የድሮውን ሳያፈርሱ አዲስ መሥራት እንደሚቻል ይህ ፊልም አሳይቷል።

የተሳካና ያልተሳካ ሥራን ለማነጻጸር ሁለት ሌሎች ፊልሞችን መጥቀስ ይበቃል። «ዘ ፊዩጂቲቭ» ሚስቱን ገድለሃል ተብሎ በሐሰት ስለተፈረደበትና አምልጦ እውነተኛውን ነፍሰ ገዳይ ስለሚፈልግ ሐኪም የሚተርክ ድራማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1967 በ120 ክፍል ታይቷል፤ የመጨረሻውን ክፍል በአሜሪካ 78 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደተመለከተው ይገመታል። በ1993 የተሠራው ፊልም ይህን ሁሉ በሁለት ሰዓት ገደማ አጠቃሎ አቀረበ። ብዙ ነገር ተቀንሷል፤ የወንጀሉም ምክንያት ተለውጧል። ነገር ግን የታሪኩ ልብ፣ ማለትም ንጹሕ ሰው በሕግ ስም ሲሳደድ ሰብአዊነቱን አለመጣሉ፣ ሳይነካ ቆየ። አሳዳጁን መኮንን ሆኖ የተጫወተው ቶሚ ሊ ጆንስ የኦስካር ሽልማት አገኘ፤ የድሮውም የአዲሱም ተመልካች ረክቶ ተመለሰ።

በአንፃሩ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1969 የታየው «ዋይልድ ዋይልድ ዌስት» በ1999 በከፍተኛ ወጪ ለሲኒማ ሲሠራ፣ ስሙ ብቻ ቀርቶ ታሪኩ በግዙፍ መኪናዎችና በቀልድ ተዋጠ። ፊልሙ የዓመቱን ደካማ ሥራዎች እየመረጠ በፌዝ በሚሸልም ድርጅት አምስት ጊዜ «ተሸለመ»። የድሮው ድራማ መሪ ተዋናይ ሮበርት ኮንራድ፣ ፊልሙን ምን ያህል እንደናቀው ለማሳየት፣ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ራሱ ተገኝቶ ከፌዝ ሽልማቶቹ የተወሰኑትን ተቀበለ። አንድ ተዋናይ በወጣትነቱ የደከመበት ስም መሣቂያ ሲሆን ከማየት የበለጠ መራራ ነገር አይኖርም። ኮንራድ ግን ምሬቱን በቀልድ መለሰው።

ይህ ሁሉ ሲባል አድናቂዎች ሁልጊዜ ትክክል ናቸው ማለት አይደለም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንደሚባለው፣ የድሮው ከነጉድለቱ እንዲደገም ብቻ የሚፈልጉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የመጀመሪያው የ«ስታር ትሬክ» ፊልም የቀድሞዎቹን ተዋንያን ሁሉ ይዞ ቀርቦ ነበር፤ ሆኖም ታሪኩ ቀርፋፋ ነው ተብሎ ብዙ አድናቂዎችን አሰልችቷል። የሚታወቅ ፊት ብቻውን ጥሩ ፊልም አይሠራም። እንደገናም በ1982 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ውስጥ ስፖክ እንደሚሞት አስቀድሞ ሲወራ አድናቂዎች በቁጣ ተቃውመው ነበር። ፊልሙ ከታየ በኋላ ግን ያ የሞት ትዕይንት እጅግ ከተወደዱት አንዱ ሆነ፤ ፊልሙንም ከሁሉ የሚያስበልጡት ብዙዎች ናቸው። ተቃውሞው ከሥራው በፊት ስለቀደመ ስሕተት ሆነ። ስፖክ የሞተው እንደ ጠባዩ፣ ለጓደኞቹ ራሱን ሠውቶ ነበርና። ጂም ፌልፕስም በፊልሙ ሞቷል። የአንዱ ሞት ጠባዩን ሲያጸናለት የሌላው ግን አፈረሰበት። አድናቂ ሊቃወመው የሚገባው ለውጥን ሳይሆን እንዲህ ያለውን ማፍረስ ነው።

ከዚህም በላይ ማንም አድናቂ ሊዘነጋው የማይገባ አንድ እውነት አለ። አዲሱ ፊልም የቱንም ያህል ቢከፋ የድሮውን ድራማ ከነበረበት አያጠፋውም። 171ዱም ክፍሎች ዛሬም አሉ፤ ባርኒ ኮልየር አሁንም በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ተንበርክኮ ሽቦ ያገናኛል፤ ጂም ፌልፕስም ታማኝ መሪ እንደሆነ አለ። መጥፎ ፊልም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይረሳል። እንዲያውም አንዳንዱ ወጣት አዲሱን ፊልም ካየ በኋላ «መነሻው ምን ነበር?» ብሎ የድሮውን ፈልጎ ያያል። ስለሆነም አዲሱ ሥራ ሳያስበው ለድሮው መንገድ ጠራጊ ይሆናል።

በጠቅላላው ሲታይ፣ የአድናቂዎች የተደበላለቀ ስሜት የሚናቅ አይደለም። ደስታቸው ታሪክ በየትውልዱ መታደስ እንዳለበት ይመሰክራል፤ ሥጋታቸውም ታሪክ አደራ እንዳለበት ያስታውሳል። የቀድሞ ድራማን በአዲስ ፊልም የሚሠራ ባለሙያ ልብሱን፣ መሣሪያውን፣ ተዋናዩን፣ እንዲያውም ዘመኑን ሊለውጥ ይችላል። ነገር ግን ታሪኩ የቆመበትን ምሰሶ ከመንቀሉ በፊት ሰዎች ያንን ታሪክ የወደዱት ለምን እንደነበር ራሱን መጠየቅ ይኖርበታል። ተመልካቹም በበኩሉ ሥራውን ሳያይ መፍረድ አይገባውም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ብሂል ለሁለቱም ወገን ይሠራል። ከሥሩ ያልተነሣ አዲስ ሥራ ስሙን ብቻ ተውሶ ያልፋል፤ ሥሩን ያወቀ ግን የአያትን ተረት ለልጅ ልጅ ያደርሳል።

ጥያቄዎች

1. በምንባቡ መግቢያ ላይ የቀረበው የሕፃኑ ምሳሌ ከዋናው ሐሳብ ጋር ምን ግንኙነት አለው?
2. እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ፊልም የአድናቂዎችን ቅሬታ ያስከተለው ለምንድን ነው? በገበያ የተሳካ መሆኑ ቅሬታውን ዋጋ ያሳጣዋልን?
3. በምንባቡ መሠረት በስፖክ ሞትና በጂም ፌልፕስ ሞት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
4. «መጥፎ ፊልም የድሮውን ድራማ አያጠፋውም» በሚለው አስተያየት ትስማማላችሁን? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።
5. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች እንደ ምንባቡ አገባባቸው ተርጉማችሁ በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው፦ የሙጥኝ ማለት፣ ግትርነት፣ ለዛ፣ ከሐዲ፣ አደራ፣ ብሂል።